ያቺ የመጀመሪያ ገጽ የት ሄደች?

ሰሞኑን አንድ ጸሐፊ ስለ ዳን ብራውን ልብ ወለድ «ዳ ቪንቺ ኮድ» እና ስለ አዲስ አበባ አንባቢዎቹ ያወጡትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የደገምኩት ስለ ጣመኝ አይደለም፤ «አራት ኪሎ አካባቢ ቅዳሜ ከሰዓት የሚሰበሰቡ የመጽሐፍ ወዳጆች» እየተባሉ የሚወቀሱት ሰዎች እኛው መሆናችንን ለማረጋገጥ ነው። እኛው ነን። ጸሐፊው አንድ ቅዳሜ ከመካከላችን ተቀምጠው፣ ማኪያቷቸውን እየጠጡ፣ ማስታወሻ እየያዙ አምሽተዋል። እንግዳ ስለ ነበሩም ሂሳባቸውን እኛ ከፍለናል። ይህን የማነሣው ለወቀሳ አይደለም፤ ትንሽ ግን ለወቀሳም ነው።

ጽሑፉን ላላየ ሰው ባጭሩ ልንገረው። ጸሐፊው ልብ ወለዱን ከልብ ወድደውታል፤ መብታቸው ነው። ከዚያ ግን የእኛን አስተያየት እየነቀሱ፣ መጽሐፉን የነቀፍነው ሃይማኖታችን ስለ ተነካ እንደ ሆነ፣ ልብ ወለድን በእውነትነት መመዘን አላዋቂነት እንደ ሆነ፣ መጽሐፉ በ325 ስለ ተሰበሰበው የኤጲስ ቆጶሳት ጉባኤ፣ ስለ ኒቅያ፣ የሚለውም ምሁራን የሚያውቁት፣ ካህናት የሚሸፍኑት ሐቅ እንደ ሆነ ጽፈዋል። አተራረኩን ያጣጣልነው ደግሞ እንግሊዝኛው ስላልገባን ወይም ስላልጨረስነው ነው ይላሉ። በመጨረሻም ኢትዮጵያውያን የተሸፈነ ነገር ስለምንፈራ የአክሱምን ታቦት «የሚከፍት» ደራሲ አላፈራንም ብለው አዝነዋል። ከ80 ሚሊዮን ቅጂ በላይ መሸጡም በጽሑፉ ሦስት ጊዜ ተጠቅሷል።

ታሪኩ የታወቀ ነው። የሉቭር ሙዚየም ኃላፊ ሌሊት ይገደላል፤ ሮበርት ላንግደን የሚባል የሃርቫርድ መምህርና የሟቹ የልጅ ልጅ ሶፊ ፍንጭ እየለቀሙ ከፓሪስ ወደ ለንደን ይሮጣሉ። ሲፈለግ የኖረው ቅዱስ ጽዋ ዕቃ ሳይሆን መግደላዊት ማርያምና ከእርሷ ወረደ የተባለ የዘር ሐረግ እንደ ሆነ ይነገረናል፤ ይህንንም አንድ የምስጢር ማኅበር ለዘመናት ጠብቆት ኖሯል። (ጽዋ እና ማኅበር የሚሉት ቃላት ጎን ለጎን ሲቀመጡ እኔን ትዝ የሚለኝ ሌላ ነው። ተራ የደረሳት እናቴ ጠላ ጠምቃ፣ ድፎ ዳቦ ደፍታ፣ ሰፈሩን ሁሉ የምትጠራበት የማርያም ጽዋ። በዚያ ማኅበር ውስጥ ምስጢር ከአንድ ሰዓት በላይ አይቆይም ነበር።)

መጀመሪያ «ልብ ወለድ ነው፤ ተዉት» የሚለውን ላንሣ፤ ሌላው ሁሉ የቆመው በዚህ ላይ ነው። ልብ ወለድ የመፍጠር መብት እንዳለው ማናችንም አልካድንም። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ግን ከታሪኩ በፊት የምትመጣ አንዲት ገጽ አለች፤ ርእሷ «እውነታ» ይላል። የጽዮን ማኅበር የተባለው የምስጢር ድርጅት በ1099 የተመሠረተና በእርግጥ ያለ እንደ ሆነ፣ ሰነዶቹም በ1975 በፓሪስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት እንደ ተገኙ ትናገራለች። በልብ ወለዱ ውስጥ ያሉት የሥነ ጥበብ፣ የሕንፃ፣ የሰነድና የምስጢር ሥርዓት ገለጻዎች ሁሉ ትክክል ናቸው ብላም ትዘጋለች። ይህን የሚለው ገጸ ባሕርይ አይደለም። ደራሲው ራሱ ነው፤ ገና ማንም ሳይገደል።

ሲጣራ ምን ተገኘ? ማኅበሩን እ.ኤ.አ. በ1956 በስዊዘርላንድ ድንበር አጠገብ ባለች የፈረንሳይ ከተማ ያስመዘገበው ፒየር ፕላንታር የሚባል ሰው ነው። ሰነዶቹንም እርሱና ግብረ አበሮቹ ፈብርከው በ1960ዎቹ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ አስገቧቸው። በእጃቸው ያስገቡት ወረቀት ነው እንግዲህ በኋላ «ተገኘ» የተባለው። ልብ ወለዱ የሉቭር ፒራሚድ 666 መስተዋቶች አሉት ሲል ሙዚየሙ ደግሞ 673 ናቸው ይላል። ለሰባት መስተዋት ማንንም አልከስም ነበር፤ «ሁሉም ትክክል ነው» ብሎ የፈረመው ደራሲው ባይሆን ኖሮ።

ጸሐፊው ባሉበት በዚያ ቅዳሜ የሆነውንም ልጨምር፤ በጽሑፋቸው ውስጥ የለምና። ከመካከላችን አንድ መሐንዲስ መጽሐፉን የገዛው ለገሀር ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ነው። የፊት ቅጠሎቹ ተገንጥለዋል፤ የቀድሞው ባለቤት ስም ወይም ማኅተም ኖሮባቸው ይሆናል። ስለዚህ ያቺን ገጽ አላያትም፤ ንባቡ የጀመረው ከግድያው ነው። አስተያየቱን ሲጠየቅ «እንደ ጥሩ ፊልም ነው፤ አብሬ ሮጥኩ፣ ደከመኝ፣ ደስ አለኝ። እናንተን ምን ያስቆጣችኋል?» አለ። ከጎኑ የተቀመጠችው የመድኃኒት ባለሙያ ሙሉውን ቅጂ ያነበበች ናት። «እኔ መድኃኒት የምሸጠው ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን አምኜ ነው። ላዩ ሌላ፣ ውስጡ ሌላ ሆኖ ሲገኝ በእኛ ሥራ ስሙ ሌላ ነው» አለችው። ገጿ እንደሌለችው የታወቀው ግማሽ ሰዓት ያህል ከተጨቃጨቅን በኋላ ነው። የእኔን ቅጂ ሰጠሁት፤ ቆሞ አነበባት፤ ዝም ብሎ ተቀመጠ። እንግዲህ ጸሐፊው «ልብ ወለድና ታሪክን መለየት አቃታቸው» ሲሉን፣ መለየት ያልተቸገረው ሰው ያልተቸገረው ገጿ ስለ ተገነጠለችለት መሆኑን በዓይናቸው አይተዋል።

«ሃይማኖታቸው ስለ ተነካ ነው» ለሚለው አጭር መልስ ይበቃል። ከሁላችን ይልቅ መጽሐፉን የጣለው ሙስሊም ወንድማችን ነው፤ ሥራው የሂሳብ መዝገብ መመርመር ነው። «እኔ ዒሳ ነቢይ መሆኑን ነው የማምነው» አለ። «መጽሐፉ የሚለው እውነት ቢሆን ለእኔ ይመቸኝ ነበር። ስለ ተመቸኝ ብቻ ግን በተጭበረበረ መዝገብ ላይ አልፈርምም።» መጽሐፉን አጥብቆ የተከላከለው ደግሞ ከልጅነቱ ጀምሮ ቅዳሴ ያገለገለ ዲያቆን ነው፤ ይህ ልብ ወለድ ባያጓጓው ኖሮ ስለ ኒቅያ ከልቡ ተቀምጦ እንደማያነብ ነገረን። በሃይማኖት ነው የተከፈላችሁት ከተባልን፣ ዲያቆኑና ሙስሊሙ ወንበር ተለዋውጠው ነበር ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ስለ ኒቅያ የተባለው በልብ ወለዱ ውስጥ የሚነገረው ሰር ሊ ቲቢንግ በሚባል እንግሊዛዊ ባለጸጋ አንደበት ነው። እርሱ እንደሚለው እስከ 325 ድረስ ተከታዮቹ ኢየሱስን የሚያዩት እንደ ሟች ነቢይ ብቻ ነበር፤ አምላክነቱ የተወሰነው በጉባኤው በድምፅ ነው፤ ያውም በጠባብ ልዩነት። የሮም ንጉሠ ነገሥት ቆስጠንጢኖስም ለአዲስ ኪዳን ከታሰቡ ከ80 የሚበልጡ ወንጌሎች መካከል የሚመቸውን አስቀርቶ ሌላውን አስቃጥሏል።

ከድምፁ ልጀምር። በ112 ገደማ ፕሊኒ የተባለ የሮም አገረ ገዥ ለንጉሠ ነገሥቱ ለትራያን በጻፈው ደብዳቤ፣ ክርስቲያኖች ጎሕ ሳይቀድ ተሰብስበው ለክርስቶስ እንደ አምላክ ይዘምራሉ ብሏል። ፕሊኒ ክርስቲያን አልነበረም፤ እየያዘ የሚቀጣቸው ሰው ነው። ኒቅያ ሊሰበሰብ ገና ሁለት መቶ ዓመት ይቀረዋል። በጉባኤው የተወገዘው ካህን አርዮስ ራሱ እንኳ «ሰው ብቻ ነው» አላለም፤ ከፍጥረት ሁሉ በፊት የተፈጠረ ነው ነው ያለው። ጠቡ ከአብ ጋር በመተካከሉ ላይ ነበር። ጠባብ የተባለውን ልዩነት ደግሞ እንየው፤ በትውፊት 318 ከሚባሉት አባቶች መካከል እስከ መጨረሻው አልፈርምም ብለው ከአርዮስ ጋር የተጋዙት ኤጲስ ቆጶሳት ሁለት ናቸው፤ ሁለቱም ከሊቢያ። የእነዚህ አባቶች፣ የሠለስቱ ምዕት፣ ስም በቅዳሴ ሲጠራ እየሰማ ላደገ ሰው ይህን ለማጣራት የውጭ ምሁር አያስፈልገውም።

ቆስጠንጢኖስስ? እናቱ ንግሥት እሌኒ ናት። በየዓመቱ መስከረም 16 ቀን መስቀል አደባባይ ላይ ደመራ የምንለኩሰው እርሷ መስቀሉን የፈለገችበትን እያሰብን ነው፤ ስለዚህ ቤተሰቡን በመጠኑ እናውቀዋለን። ይህ ንጉሥ በ337 ሊሞት ሲል የተጠመቀው ለአርዮስ ይወግን በነበረው በኒቆሜዲያው አውሳብዮስ እጅ ነው። ልጁ ቆንስጣንዮስ ደግሞ የኒቅያን ወገን አሳደደ፤ የእስክንድርያውን ሊቀ ጳጳስ አትናቴዎስንም ከመንበሩ አፈናቀለ። እጁን እስከ እኛም ዘርግቷል። በ356 ገደማ ለአክሱም ነገሥታት ለኢዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ጽፎ፣ በአትናቴዎስ የተሾመው ፍሬምናጦስ ሃይማኖቱ እንዲመረመር ወደ እስክንድርያ እንዲላክ አዘዘ። ደብዳቤው አትናቴዎስ በጻፈው መከላከያ ውስጥ ተጠብቆ ይገኛል። ፍሬምናጦስ ግን ዛሬም በእኛ ዘንድ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ነው።

ልብ በሉ፤ በእነዚያ ዓመታት የቤተ መንግሥቱ ጉልበት ሲገፋ የነበረው ኒቅያን ለማፍረስ ነው። ቲቢንግ የሚተርከው ሤራ ፊቱ ወደ ኋላ የዞረ ነው። እውነተኛውን የፈለገ ደራሲ መልእክተኛው ደብዳቤውን ይዞ በቀይ ባሕር ወደብ ሲወርድ ይጀምርለት፤ እኔ በበኩሌ ሌሊቱን ሙሉ አነበዋለሁ።

ወደ መጻሕፍቱ እንመለስ። ያ የ80 ወንጌሎች ዓረፍተ ነገር ጮክ ተብሎ ሲነበብ ጡረታ የወጡት የታሪክ መምህራችን ከማንቀላፋታቸው ነቅተው «ሰማንያ አሐዱ በል እንጂ!» ብለው አንባቢውን አረሙት። ሳቅን። እርሳቸው ግን አልሳቁም፤ «ክርክሩ እኮ እዚህ ላይ አለቀ» አሉ። ትክክል ናቸው። ኒቅያ 20 ቀኖናዎችን አውጥቷል፤ ከእነዚህ መካከል የመጽሐፍ ቅዱስን ክፍሎች የሚቆጥር አንድም የለም። አንድ ንጉሠ ነገሥት ቆርጦ፣ ወስኖ፣ የቀረውን አቃጥሎ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ፕሮቴስታንቱ 66፣ ካቶሊኩ 73፣ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ 81 ብለው አይቆጥሩም ነበር። መጽሐፈ ሄኖክን ውሰዱ። ሙሉው ተጠብቆ የተገኘው በግእዝ ብቻ ነው። ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1773 ቅጂዎቹን ይዞ አውሮፓ ሲገባ የምዕራብ ሊቃውንት ለዘመናት ጠፋ ሲሉት የነበረውን መጽሐፍ አገኙ፤ በኋላም በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻ የአራማይክ ቁርጥራጮቹ ወጡ። እኛ ዘንድ ግን መጽሐፉ ጠፍቶም ተደብቆም አያውቅም። ደብተራው በብራና ሲገለብጠው፣ መምህሩ ሲተረጉመው ኖሯል። «ቤተ ክርስቲያን የሸፈነችው መጽሐፍ» እያለ የሚያለቅስ ገጸ ባሕርይ አራት ኪሎ ቢመጣ ከመጽሐፍ መደብር ገዝቶ ሊሄድ ይችላል።

ሌላውን በችኮላ ላልፈው። ልብ ወለዱ የቁምራን ጥቅሎች በ1950ዎቹ እንደ ተገኙ፣ ከቀደሙት የክርስትና መዛግብት መካከልም እንደ ሆኑ ያስተምራል፤ የመጀመሪያዎቹ የተገኙት እ.ኤ.አ. በ1947 ገደማ ነው፣ በ1948 ዓለም ሰምቷቸዋል፤ ጽሑፎቹ የአይሁድ ናቸው፣ ወንጌልም በውስጣቸው የለም። በወንጌለ ፊልጶስ ውስጥ ለመግደላዊት ማርያም የተነገረው «ባልንጀራ» የሚለው ቃል ሚስት ማለት እንደ ሆነ ማንኛውም የአራማይክ ሊቅ ይመሰክራልም ይላል። በእጃችን ያለው የወንጌለ ፊልጶስ ቅጂ፣ እ.ኤ.አ. በ1945 በግብጽ ናግ ሐማዲ የተገኘው፣ የተጻፈው በቅብጥ ቋንቋ ነው፤ ቃሉም ከግሪክ የተዋሰ ነው። በኦሮምኛ ለተጻፈ ውል የትግርኛ መምህርን ምስክር እንደ መጥራት ነው። በጥንቱ ክርስትና ክርክር እንደ ነበረ፣ ሌሎች ወንጌላት እንደ ተጻፉ ግን የሚክድ የለም፤ ጸሐፊው በዚህ በኩል ትክክል ናቸው። የተጣላነው በነበረው ነገር ላይ አይደለም፤ ባልነበረው ነው።

80 ሚሊዮን ቅጂ። ይህ የሻጭ መልካም ዜና ነው፤ የሚያስደስተኝም ሰው መጽሐፍ በመግዛቱ ነው። ከዚህ ያለፈ ምን እንዳደርግበት አልገባኝም።

«አልጨረሱትም» የሚለው ግን አበሳጭቶኛል። በሁለት ሌሊትና በአንድ የታክሲ ጉዞ ጨርሼዋለሁ፤ አምባሳደር መውረድ ሲገባኝ ቀና ያልኩት ሜክሲኮ ደርሼ ነው። ከ100 በላይ አጫጭር ምዕራፎች አሉት፤ ብዙዎቹ በር ሊከፈት ሲል ይቋረጣሉ፤ ሰውን እንዴት ይዞ እንደሚሄድ ደራሲው ጠንቅቆ ያውቃል። እኛ ያጉረመረምነው በእንቆቅልሹ ጥራት ነው። ታሪኩ ሙሉ በሙሉ የሚሽከረከረው በሊዮናርዶ ዙሪያ ነው፤ ሊዮናርዶ ደግሞ በመስተዋት እንደሚታይ ገልብጦ በመጻፍ የታወቀ ሰው ነው። ሆኖም ላንግደንና ቲቢንግ፣ ሁለት ሊቃውንት፣ ተገልብጦ የተጻፈ እንግሊዝኛ ፊት ለፊታቸው ተቀምጦ የየትኛው ጥንታዊ ሕዝብ ፊደል ይሆን እያሉ ይመራመራሉ። የቅኔ አገር ሰው ይህን ሲያነብ ምን ይበል? ሰሙን ገልጦ ወርቁን ለማውጣት የሚደክም ሰው ቢያንስ ሰሙ ሰም እንዲሆንለት ይፈልጋል። ዲያቆናችን መጽሐፉን እየተከላከለም ቢሆን እዚህ ላይ ራሱን ነቀነቀ፤ «ገና ዘርፍ አያያዥ የሚቆጥር ተማሪ ቢሆን ይፈታው ነበር» አለ።

አሁን ወደ አክሱም። ጸሐፊው የተሸፈነውን የማንገልጠው ስለምንፈራ ነው ብለዋል። ጥምቀት ላይ ጃንሜዳ ሄደው ያውቁ ይሆን? ታቦቱ በካህኑ ራስ ላይ በወርቅ ዘቦ ተሸፍኖ ይወጣል፤ ከኋላው የሚከተለው ሕዝብ ስፍር ቁጥር የለውም፤ እየዘፈነ፣ እልል እያለ፣ ሕፃን በትከሻው ተሸክሞ። የፈራ ሰው እንዲህ አይጨፍርም። ታቦት ምን ዓይነት ነገር እንደ ሆነም ያውቃል፤ ማንም አልደበቀበትም። ልብሱ የሚነሣበትን ሰዓት ግን አይጠብቅም። እንግዳ ቤት ገብቶ የጓዳውን መጋረጃ እንደማይገልጥ ሰው ነው። በእነዚህ ልብ ወለዶች ውስጥ መሸፈኛ የሚደረገው በመጨረሻው ምዕራፍ ሊገፈፍ ነው፤ በእኛ ዘንድ ተሸፍኖ መኖሩ ራሱ ክብሩ ነው። ሁለቱን «ምስጢር» በሚል አንድ ቃል ስለምንጠራቸው አንድ መስለው ታይተዋቸዋል።

ደግሞስ ታሪክ ጠፍቶ ነው? የእንግሊዝ ጦር እ.ኤ.አ. በ1868 መቅደላን ሲዘርፍ ከወሰዳቸው መካከል ታቦታት ነበሩ። ዛሬ 11 ታቦታት በብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ ይገኛሉ፤ ለሕዝብ አይታዩም፤ የሙዚየሙ ባለሙያዎችም ራሳቸው አያዩአቸውም። እንግዲህ አስቡት፤ ሥራው ማሳየት የሆነ ተቋም ማየት የማይፈቀድለትን ዕቃ ቆልፎ ይጠብቃል። አንድ ሌላ ታቦት ደግሞ በኤዲንብራ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ቁም ሣጥን ውስጥ ተገኘ፤ አንድ ቄስ ምንነቱን ዐውቀው እ.ኤ.አ. በ2002 ወደ አገሩ ተመለሰ፤ አዲስ አበባ እንዴት እንደ ተቀበለችው በዚያ ቀን የነበረ ሁሉ ያስታውሳል። አፄ ዮሐንስ አራተኛ እ.ኤ.አ. በ1872 ወደ ለንደን ጽፈው ከመቅደላ የተወሰደውን ክብረ ነገሥት አስመልሰዋል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ኮድ የለም፤ እንደ ልብ ወለዱ ካባ ለብሶ በሌሊት የሚገድል መነኩሴም የለም። እኔ ደራሲ ብሆን ከእነዚያ ባለሙያዎች አንዱን እመርጥ ነበር፤ ሠላሳ ዓመት በዚያ በር አጠገብ እያለፈ፣ ቁልፉ በኪሱ እያለ፣ አንድ ቀን እንኳ ያልከፈተውን። ይህን የሚጽፍ ሰው ከተገኘ የአክሱምን ታቦት «መክፈት» አያስፈልገውም።

የለገሀሩ ቅጂ አሁን እኔ ዘንድ ነው። መሐንዲሱ የእኔን ሙሉውን ወስዶ «በዚያኛው ከእንግዲህ ማንበብ አልችልም» ብሎ ተወልኝ። ጸሐፊው መጽሐፉን ሊደግሙት ካሰቡ አውሳቸዋለሁ፤ የፊት ቅጠል ስለሌለው «ልብ ወለድ ነው፤ ተዉት» ያሉት በእርሱ ላይ ያለ ችግር ይሠራል። ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት፣ እዚያው ቦታ እንገኛለን። ማኪያቶው ግን በዚህኛው ተራ የእርሳቸው ነው።